ለትልቅ አኳሪየም የእንጨት ጠረጴዛን ማጠናከር

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህን የማያውቅ የለም፤ አኳሪየም ሊገዛ ሲነሣ ግን የሚያሰላው ጥቂት ነው። ዓይን የሚያርፈው ዓሣው፣ መብራቱና አረንጓዴው ተክል ላይ ነው። እስቲ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እንውሰድ። መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ባዶው ብቻ 58 ኪሎ ይሆናል። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲሞላ 230 ሊትር ያህል ውሃ ይገባበታል። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚነጠፈው አሸዋ 45 ኪሎ ነው። ድንጋዩ፣ ክዳኑ፣ መብራቱና ማጣሪያው ተደምረው 30 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው 360 ኪሎን አለፈ፤ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ መሆኑ ነው።

ይህን ያህል እህል ጠረጴዛ ላይ ቢከመር ለአንድ ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። አኳሪየም ግን ቀን ከሌት፣ ለዓመታት፣ ከተቀመጠበት አይነሣም። እንጨት ደግሞ ሸክሙ ካልተነሣለት ቀስ እያለ መጉበጡን ይቀጥላል፤ በመጀመሪያው ቀን 1 ሚሊ ሜትር የጎበጠ አግዳሚ ከወራት በኋላ ወደ 2 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ «ሦስት ሰው ቆሞበት ነቅነቅ አላለም» የሚለው ፈተና ለዚህ ሥራ አይበቃም። መስታወት ደግሞ አብሮ አይጎብጥም። ጠረጴዛው ከሥሩ ሲሸሸው ማዕዘኖቹ ላይ ያለው ጫና ይበረታል፤ መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲሊኮን ይላቀቃል ወይም የታችኛው መስታወት ይሰነጠቃል። ያኔ 230 ሊትር ውሃ ሳሎን ላይ ይፈሳል፣ ፎቅ ላይ ከሆኑም ወደ ጎረቤት ጣሪያ ይወርዳል። ዓሦቹም አይተርፉም። ጠረጴዛውን ማጠናከር ግን በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ፣ መጋዝና መሰርሰሪያ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ሸክሙ በየት በኩል ይወርዳል?

ጠረጴዛ ላጠናክር የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለእግሮቹ ነው። እግሮቹ ግን ብዙም አያሳስቡም። 7 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅና ጤነኛ ቋሚ እንጨት ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ከላይ ለሚጫነው 100 ኪሎ ምንም አይለው፤ የዚህን ብዙ እጥፍ ይችላል። ጠረጴዛ የሚሸነፈው ሌላ ቦታ ነው፦ ፊቱ መካከሉ ላይ ሲጎብጥ፣ እግርና ክፈፍ የተያያዙበት ቦታ ሲላላ፣ አለዚያም መላው ጠረጴዛ ወደ ጎን ሲያጋድል።

ከእነዚህ ውስጥ ሰው ልብ የማይለው የማያያዣው ጉዳይ ነው። ብዙ ጠረጴዛ ላይ ፊቱ የተቀመጠው ክፈፉ ላይ ነው፤ ክፈፉ ግን እግሩ ላይ አልተቀመጠም፣ በብሎን ወይም በሚስማር ከእግሩ ጎን ተይዟል። ሸክሙ ሁሉ በጥቂት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ምግብና መጽሐፍ ለሚሸከም ጠረጴዛ ይህ ይበቃል። ለአኳሪየም አይበቃም። የዚህ ሥራ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፦ ሸክም ተሸካሚው እንጨት ሌላ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ያም ሌላው ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ወለሉ ይውረድ። ብሎኑ እንጨቶቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል እንጂ ክብደት አይሸከም። ሥራውን ሲጨርሱ ጣትዎን ከአኳሪየሙ ሥር አንሥተው እስከ ወለሉ በእንጨቱ ላይ ያስኪዱት፤ ጣትዎ በብሎን ብቻ የሚሻገርበት ቦታ ካገኙ ደካማው ቦታ እዚያ ነው።

ጠረጴዛውን ይገልብጡት

ሥራው የሚጀምረው ጠረጴዛውን ገልብጦ በማየት ነው። ፊቱና እግሮቹ ከምን እንደተሠሩ ይመልከቱ። ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ፣ ላዩ ምንም ያህል ያማረ እንጨት ቢመስል፣ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሁለቱም ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ብሎንም እንደ እንጨት አጥብቀው አይዙም። አኳሪየም ባለበት ቤት ደግሞ ውሃ መንጠባጠቡ አይቀርም። መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ከፊት በኩል ክፈፉ ስለተቆረጠ ደካማ ነው፤ መሳቢያውን አውጥተው መተው ካልፈቀዱ ሌላ ይፈልጉ። በአንድ ምሰሶ የቆመ፣ የሚታጠፍ፣ ወይም እግሮቹ ወደ ውጭ የተንሻፈፉ ጠረጴዛም ይቅር።

ድፍን እንጨት ከሆነ እግሮቹን በጥፍር እየጫኑ፣ በካቻቢቴ ጫፍ እየነኩ ይፈትሹ። ከወለል ጋር የሚነካካው ጫፍ ብዙ ጊዜ እርጥበት የጎዳው ነው። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የሚመስል ነገር ካዩ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ውስጡ ባዶ የሚመስል ድምፅ ካሰማም ምስጥ በልቶታል። የተበላ እንጨት አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን አቁመው አኳሪየሙ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩ። አኳሪየሙ ከጠረጴዛው ጠርዝ በአንድ ጣት እንኳ መውጣት የለበትም። የሚያሳስተው ግን ተቃራኒው ነው። የምግብ ጠረጴዛ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አኳሪየሙ 50 ነው። ስለዚህ ጠንካራው የጠረጴዛ ክፈፍ ከአኳሪየሙ ጠርዝ ውጭ ቀረ፣ ሸክሙም ከሥሩ ምንም በሌለው ፊት ላይ አረፈ። አዲሱ ድጋፍ መቆም ያለበት በእርሳስ ባሰመሩት መስመር ሥር እንጂ በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር አይደለም።

እንጨቱ

ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የባሕር ዛፍ ሞራሌ ነው፤ ጠንካራ በመሆኑም ይበቃል። ችግሩ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መሸጡ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ ልክ የነበረው ክፈፍ ከሁለት ወር በኋላ ልክ አይሆንም። ስለዚህ ሞራሌውን ሲገዙ ሁለት ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸውን አንሥተው ያመዛዝኑ፤ ቀላሉ ደረቁ ነው። አንድ ጫፉን ዓይንዎ ጋ አድርገው ርዝመቱን ሁሉ ይመልከቱ፤ የተጠማዘዘውን ይመልሱ። ጊዜ ካለዎት ጥላ ውስጥ፣ በየመካከሉ ቁራጭ እንጨት እያደረጉ ደርድረው ለሳምንታት ያቆዩት። ጽድ ምስጥን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም ከወለል ለሚነካካው ቋሚ ተመራጭ ነው፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ እንጨት ካገኙ ደግሞ የተሻለ አይገኝም፤ መድረቁን ከጨረሰ ቆይቷል።

ለምሳሌያችን የሚያስፈልገው 4 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ለአግዳሚዎቹ፣ ለቋሚዎቹ 7 በ7 ወይም ሁለት ባለ 5 በ7 ሞራሌ ተጣብቆ፣ ከዚያ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ለላይ፣ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ለጀርባ ነው። ከዚህ ሌላ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች ከነዳዶና ሮንዴላቸው፣ የእንጨት ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ይያዙ።

አግዳሚው፣ ቋሚውና የሚዘነጋው 1 ሚሊ ሜትር

ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች በአኳሪየሙ የፊትና የኋላ ጠርዝ ሥር ይሄዳሉ። በጠባብ ጎናቸው ይቁሙ። 4 በ10 የሆነው እንጨት ሲቆም፣ ከተኛበት ጊዜ ይልቅ መጉበጥን ከ6 እጥፍ በላይ ይቋቋማል፤ እንጨቱም ዋጋውም ያው ነው። ይህ ልዩነት እያለ አግዳሚን አጋድሞ መምታት ያሳዝናል።

እንዲህም ሆኖ 120 ሴንቲ ሜትር ያለ ድጋፍ የሚሄድ 4 በ10 አግዳሚ በዚህ ሸክም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይጎብጣል፣ በጊዜ ብዛትም ይጨምራል። መፍትሔው ወፍራም እንጨት መፈለግ ሳይሆን መካከሉ ላይ ቋሚ ማቆም ነው። ያለ ድጋፍ የሚሄደው ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ጉብጠቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሁለት ተጨማሪ ቋሚ፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ፣ ከማንኛውም ሌላ ወጪ የበለጠ ይጠቅማል። በጠቅላላው ስድስት ቋሚ ያስፈልጋል። የመካከለኛው የፊት ቋሚ መልኩን ያበላሽብኛል የሚል ካለ ሁለት በር ገጥሞለት ሊሸፍነው ይችላል፤ ቋሚውን ግን አይተወው።

አግዳሚዎቹን የሚያገናኙ አምስት ተሻጋሪዎች በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይግቡ። ቋሚው 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አግዳሚው 4ቱን ይይዛል፤ በቀሪው 3 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሻጋሪው ጫፍ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ ጫፎችና በመካከሉ ያሉት ሦስቱ ተሻጋሪዎች በቀጥታ ቋሚ ላይ አረፉ። ቋሚ በሌለበት ለሚገቡት ሁለቱ ከአግዳሚው የውስጥ ጎን ላይ ቁራጭ እንጨት በኮላና በብሎን ይምቱላቸውና በእሱ ላይ ይቀመጡ፤ የሚደርስባቸው ሸክም ቀላል ነው፣ ዋና ሥራቸውም አግዳሚዎቹ እንዳይጠማዘዙ መያዝ ነው።

ጠረጴዛውን መልሰው ይገልብጡና ይህን አዲስ ክፈፍ ከፊቱ ጀርባ ጋር ኮላ ቀብተው ያጣብቁ፤ በሞርሳ አጥብቀው ያሳድሩት። ማዕዘኑን በስኳድራ ማረጋገጥ አይርሱ። በማግስቱ ቋሚዎቹን ይቁረጡ። ልኬቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቋሚው የክፈፉን ሥር እየነካ ከድሮው የጠረጴዛ እግር ጋር እኩል ወይም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ረዘም ያለ ይሁን። 1 ሚሊ ሜትር ካጠረ ግን ቋሚው ከወለሉ ሳይደርስ ይንጠለጠላል፤ ሸክሙም ተመልሶ የድሮው እግርና የድሮው ማያያዣ ላይ ይወድቃል፣ የለፉበት ሁሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስድስቱን በአንድ ላይ አስረው በአንድ መስመር መቁረጥ እኩል እንዲሆኑ ይረዳል።

አዲሱ ቋሚ ከድሮው እግር አጠገብ ከዋለ ኮላ ቀብተው በሁለት ብሎን ያስሩት። ሁለቱ ብሎኖች በአንድ የእንጨት ጭረት መስመር ላይ አይዋሉ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ፈቀቅ ካደረጉ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ሳይበሱ ብሎንም ሆነ ሚስማር መምታት መሰንጠቅን መጋበዝ ነው። ከድሮው እግር የራቀው ቋሚ ለብቻው ይቆማል፤ ከክፈፉ ጋር በብሎን፣ ከሌሎቹ ጋር ደግሞ ከወለል 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚዞር የታች ክፈፍ ይያያዛል።

ወደ ጎን መጋደል

360 ኪሎ ቀጥ ብሎ ሲጫን ጸጥ ያለ ነው። ልጅ ሲደገፈው፣ ሰው ሶፋ ሲገፋ ሲያገኘው ግን ጠረጴዛው ወደ ጎን ሊሄድ ይፈልጋል፤ አራት ማዕዘን ክፈፍ ምንም ያህል ቢታሰር ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል። ሦስት ማዕዘን ግን ጎኑ ካልተሰበረ ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ ጀርባውን በሙሉ በ12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ይሸፍኑት፤ ኮላ ይቀቡና በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በብሎን ይያዙት። አንድ ድፍን ፕላይውድ በሁሉም አቅጣጫ እንደተወጠረ ሰያፍ ይሠራል። በሁለቱ ጎኖችም እንዲሁ ያድርጉ፣ አለዚያ ሰያፍ ሞራሌ ይግጠሙ። ለቱቦና ለሽቦ የሚሆን ቀዳዳ ክብና ትንሽ ይሁን፤ ፕላይውዱን ለሁለት የሚከፍል ትልቅ መስኮት ከቆረጡበት ጥቅሙ ቀርቷል።

ጠረጴዛውን አቁመው ከላይ ጥግ ላይ በሁለት እጅ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሥራ አይለፉ።

ፊቱና ቀለሙ

የድሮው ፊት ብዙ ጊዜ ከበርካታ ጣውላ የተገጠመ ስለሆነ ፍጹም ዝርግ አይደለም። ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ በላዩ ላይ በሁሉም አቅጣጫ፣ በሰያፍም ጭምር ያስኪዱ፤ ማስመሪያውን አንሥቶ ከጎኑ ብርሃን የሚያሳልፈውን ከፍታ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ 18 ሚሊ ሜትሩን ፕላይውድ በኮላና በብሎን ያያይዙ፤ የብሎኖቹ ራስ ከፕላይውዱ ላይ ዝቅ ብሎ ይግባ። አንዲት ወጣ ያለች የብሎን ራስ ለታችኛው መስታወት ጠላት ናት።

ተራው ነጭ ኮላ እርጥበት ሲደጋገምበት ይለቃል፤ ውሃ የሚቋቋም ዓይነት ካገኙ ይሻላል፣ ካጡ ደግሞ ቀለሙ ይጠብቀዋል። ሁሉንም ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ይቀቡት፤ ሥሩን፣ የውስጥ ጎኑን፣ በተለይም ውሃ አብዝቶ የሚመጥጠውን የተቆረጠ ጫፍ አይዝለሉ።

ዓሣ ሳይገባ በፊት

ይህን ፈተና ሳያልፍ አኳሪየም ላዩ ላይ ባያስቀምጡ እመርጣለሁ። በፊተኛው አግዳሚ ሁለት ጫፍ ላይ ትንንሽ ሚስማር መትተው በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥሩ። በሲባጎውና በአግዳሚው ጠርዝ መካከል ያለውን ርቀት መካከሉ ላይ ለክተው ይጻፉት። አሁን ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ሞልተው አኳሪየሙ በሚያርፍበት መስመር ውስጥ ይደርድሩ፤ በላዩ ሳንቃ አድርገው ሁለተኛ ድርብ ይጨምሩ። አሥራ ስድስት ጀሪካን 320 ኪሎ ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ከተመቸ ልክ 360 ይሞላል። ጀሪካን የሚያበድር ጎረቤት አይጠፋም። ልጆች እንዳይጠጉ አድርገው ለሦስት ቀን ይተዉትና እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ካልሞላ መልካም ነው። ከ1 ካለፈ ወይም በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ፣ አንዱ ቋሚ ከክፈፉ ወይም ከወለሉ አልተገናኘም ማለት ነውና ወረቀት እያስገቡ ክፍተቱን ይፈልጉ።

የሚቆምበትን ቦታ ከዚህ በፊት መምረጥ ይገባል። ምድር ቤት ሊሾ ወለል ላይ ሐሳብ የለም። ፎቅ ላይ ግን ያስቡበት፦ የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ሸክም ታሳቢ ተደርጎ ነው፤ አኳሪየሙ ከነጠረጴዛው 400 ኪሎ ሆኖ ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ይቆማል። ያ ስሌት መላው ክፍል ቢሞላ የሚለውን ስለሚያይ፣ አንድ አኳሪየም ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ከሥሩ ቢም ባለበት በኩል ቢቆም አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ከክፍሉ መካከል አያቁሙት። ከዚህ የሚተልቅ አኳሪየም ከሆነ መሐንዲስ ይጠይቁ። የሳንቃ ወለል ባለበት ቤት ደግሞ የጠረጴዛው ርዝመት ከወለሉ ሥር ያሉትን ወራጆች አቋርጦ ይሁን፣ ብዙዎቹ እንዲጋሩት። ሴራሚክ ላይ ከሆነ በየቋሚው ሥር 15 በ15 የሆነ ፕላይውድ ያድርጉ።

ወለሉ ውሃ ልክ ካልሆነ ማስተካከያው ሽብልቅ ነው፤ ሽብልቁም ከጠረጴዛው ቋሚ ሥር ይገባል እንጂ ከአኳሪየሙ ሥር በፍጹም አይገባም። ከአኳሪየሙ ሥር የሚገባው ስስ ፎም ነው፣ እሱም የታችኛው መስታወት በቀጥታ ለሚቀመጥ ብቻ። የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስቲክ የተከበበ፣ መስታወቱም ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ያለ አኳሪየም ፎም አይፈልግም፤ ፎሙ መስታወቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሩቡን ሞልተው ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ከዚህ ይልቅ የሚታመነው ራሱ የውሃው ገጽ ነው፦ በአራቱም ማዕዘን ከመስታወቱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ይለኩ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ውሃውን አውጥተው ሽብልቁን ያስተካክሉ። ትክክል ከሆነ ግማሹን ይሙሉ፣ ያሳድሩት፣ እንደገና ይለኩ፣ ከዚያ ሙሉውን ይሙሉ። ጠረጴዛውን ከኋላ በሁለት አንጎላሬ ከግድግዳ ጋር ማሰር በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት አስፈላጊ ነው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በአኳሪየሙ ሥር አያድርጉ፤ ጎን ላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ሽቦውም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፣ በላዩ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ሳይደርስ ከታች እንዲንጠባጠብ።

ሲባጎውን አይፍቱት። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይለኩት፤ ብሎኖቹንም በዚያው ያጥብቁ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻልና መላላታቸው አይቀርም።